ያልተቆረጠው ደመወዝ



ደባርቅ ውስጥ አስተምርበት በነበረው የግል ትምህርት ቤት ደመወዝ የምንቀበለው ወሩ በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነበር። ገንዘብ ያዡ ሰፊውን የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በላዩ ሌላ የታጠፈ ወረቀት ያሳርፍበታል። የታጠፈው ወረቀት ከስማችን ቀጥሎ እስከ መፈረሚያው ድረስ ያለውን ሁሉ ይሸፍነዋል። «እዚህ ጋ ኡስታዝ» ይለኛል፤ እፈርማለሁ፤ ብሩን ይቆጥርልኛል። በ2012 ዓ.ም. ደመወዜ 2,800 ብር ደርሶ ነበር፤ በእጄ የሚገባውም ያው 2,800 ብር ነው። አንድም ሳንቲም አይቆረጥም።

የሸፈነው መምህራን አንዱ የሌላውን ደመወዝ እንዳያይ ይመስለኝ ስለነበር አደቡን ወደድኩለት። ጠዋት ጠዋት ትንንሽ ልጆችን ጣታቸውን በእያንዳንዷ ሐርፍ ላይ እያስያዝኩ «ያላያችሁትን አትቅሩ» የምል ሰው፣ አራት ዓመት ሙሉ ያላየሁት ወረቀት ላይ ስፈርም ኖርኩ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ጎረቤቶቼ በየወሩ ስለ ሥራ ግብር ሲያማርሩ ስሰማ በልቤ አልሐምዱሊላህ እል ነበር። ለምን እንደማይቆረጥብኝ ግን አልጠየቅሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያልጠየቅሁት ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ መልሱን ስላልፈለግሁት ጭምር ነው።

በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ወላጅ አልከፈለም፤ እኛም የምናገኘው ተቋረጠ። በዚያ ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀና ሁለት ዓመት የሠራ ይላል። እኔ አራት ዓመት አለኝ። ደስ ብሎኝ ከትምህርት ቤቱ የሥራ ልምድ አጽፌ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ወጣት ናት፤ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣

«ጋሼ፣ ይሄ አይያዝልዎትም» አለችኝ።

«ለምን እህቴ? ማኅተም አለው እኮ።»

«ማኅተሙማ አለው። ከግል ድርጅት የሚመጣ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት። ማስታወቂያው ላይ ከታች ተጽፏል። የተከፈለበትን ማስረጃ ያምጡ።»

ይህን እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም፤ በየግድግዳው በሚለጠፉ የሥራ ማስታወቂያዎች ግርጌ በትንንሽ ፊደል የምትገኝ መስመር ናት። እኔ ግን አላነበብኳትም ነበር። ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሼ ገንዘብ ያዡን ጠየቅሁት። «የምን ግብር ኡስታዝ? የእርስዎ ደመወዝ እኮ 600 ነው» አለና የታጠፈውን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣልኝ። በስሜ ትይዩ ደመወዝ 600፣ ትራንስፖርት 1,200፣ ልዩ ልዩ 1,000 ይላል። ከዳር የኔው ፊርማ አለ። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍላችሁ ያነሣሣኝ ያ ወረቀት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ከደመወዝ ላይ ግብር የማይቆረጠው ለምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለሰው ሁሉ ሳቀርብ ኖሬአለሁ። ለሒሳብ ሠራተኞች፣ ከጀመዓችን ውስጥ ገቢዎች ለሚሠራ ወንድም፣ ለበቅሎ ነጂዎች ሳይቀር። መልሱ አንድ አይደለም። ያለመቆረጡ ሐቅ የሆነለት ሰው አለ፤ የማያውቀው ዕዳ እየተጠራቀመበት ያለም አለ።

በመጀመሪያ ሐቅ የሆነለትን እንይ። በአገራችን ሕግ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ «ሠንጠረዥ ሀ» በሚባለው ሥር ይወድቃል። በዚያ ሠንጠረዥ የመጀመሪያዋ እርከን ምንጊዜም ባዶ ናት፤ ለድሃ የተተወች ናት። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 286 ይህችን እርከን በወር 150 ብር አድርጓት ነበር። እኔ በ1998 ዳባት መድረሳ ስቀጠር 140 ብር ይከፈለኝ ስለነበር ያኔ ያልተቆረጠብኝ በሐቅ ነው። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ወደ 600 ብር አሳደጋት። የተወካዮች ምክር ቤት በሐምሌ 2017 ባጸደቀው ማሻሻያ፣ በአዋጅ ቁጥር 1395፣ 2,000 ብር ደርሳለች። ስለዚህ ዛሬ በወር 1,800 ብር የሚከፈለው የማታ መድረሳ አስተማሪ ግብር ባይቆረጥበት ማንንም አልበደለም፤ ማንም ውለታ አልዋለለትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አንድ የማውቀው ጥበቃ 1,950 ብር ሲከፈለው ኖሮ ቀጣሪው 2,100 ላድርግልህ ቢለው እምቢ አለ። «ከሁለት ሺህ ካለፍኩ ግብሩ ሁሉንም ይበላብኛል» ብሎ ነው። ይህ ስህተት የብዙ ሰው ነው። ግብሩ የሚቆረጠው ከእርከኗ በላይ ካለው ላይ ብቻ ነው። ከ2,000 እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ነውና 2,100 ብር የሚከፈለው ሰው የሚቆረጥበት ከመቶዋ ብር ላይ 15 ብር ነው። ጡረታውን ትተን 2,085 ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ከ1,950 ይበልጣል። ይህን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌ እስካሳየው ድረስ ያ ሰው አላመነኝም።

ከእርከኗ ሌላ ሕጉ በስም የተዋቸው አሉ። ቤት ውስጥ ለቀጠርናት ሠራተኛ የምንከፍላት ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው። (ነፃ ነው ሲባል ግን ደመወዟን ማዘግየት ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ እናቶችና እህቶች ይህን አስተውሉልኝ።) ልዩ ሙያ የሌለው የቀን ሠራተኛም በዓመት ውስጥ ለአንድ ቀጣሪ ተደማምሮ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ከሠራ አይቆረጥበትም። ድንጋይ ሊያነሣ፣ ቆርቆሮ ሊያወርድ ለሦስት ቀን የመጣ ሰው እንደማለት ነው።

የዚህ ነገር ምሳሌ በእኛ አገር ሞልቷል። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት፤ ቱሪስት ሲመጣ መንገድ መሪው፣ ጠመንጃ ያዡ፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ ነጂው ከዚህ ተነሥቶ ነው ወደ ሳንካበርና ወደ ጨነቅ የሚወጣው። ከመካከላቸው ከግጭ የመጣ አንድ ወዳጅ አለኝ። ግጭን የማታውቁ ካላችሁ ፓርኩ ውስጥ ተራራው አናት ላይ የነበረች፣ ነዋሪዎቿ ሙስሊሞች የሆኑ መንደር ናት። በ2008 ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ከዚያ ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ገብስና በጉን ትቶ የመጣ ሰው ከተማ ውስጥ የሚያገኘው ገንዘብ ሁሉ ከሰው እጅ የሚቀበለው ሆነ። ይህ ወዳጄ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣

«ኡስታዝ፣ እኔም እንደናንተ ደመወዝ ነው የምቀበል። ከኔ ላይ የማይቆርጡት ረስተውኝ ይሆን?» አለኝ።

ረስተውት አይደለም። እሱ ዛሬ ለአንዱ ቱሪስት አራት ቀን፣ በሚመጣው ሳምንት ለሌላው ሁለት ቀን የሚሠራ ነው። በወር ቆርጦ ለመንግሥት የሚያስገባለት ቋሚ ቀጣሪ የለውም። በቅሎዋ የራሱ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ተቀጣሪነት መሆኑ ቀርቶ ሥራ መሥራት፣ ማከራየት ይሆናል፤ ያ የሚታየው በሌላ ሠንጠረዥ ነው። በአንጻሩ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ቋሚ አብሳይ ሆኖ በወር የሚከፈለው ሰው እዚያው ድንኳን ውስጥ እዚያው ምድጃ ላይ ቢሠራም ደመወዙ ከእርከኗ ካለፈ ሊቆረጥበት ይገባል። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሲቆረጥበት ሌላው ባይቆረጥበት ግፍ አይደለም።

ራቅ ያለውንም ላንሣ፤ ከየቤታችን ሰው ተሰዷልና። ሪያድ ያለች እህታችሁ ደመወዟ ሙሉ ከሆነ ማንም አላዳላላትም፤ ሳዑዲ ዐረቢያም ሆነች የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይሰበስቡም። የአሜሪካው ግን ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ያለ የአክስቴ ልጅ ሲቀጠር «ዳብልዩ ፎር» የሚባል ቅጽ ይሞላል፤ ቀጣሪው የሚቆርጠው በዚያ ቅጽ መሠረት ነው። ነፃ ነኝ ብሎ የሚሞላው ባለፈው ዓመት ግብር ያልነበረበት፣ ዘንድሮም አይኖርብኝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው። ይህ ዘመዴ ጓደኞቹ እንዳስተማሩት ነፃ ነኝ ብሎ ሞላ፤ ዓመቱን ሙሉ ደመወዙ አልተነካም። ኋላም ሆቴሉን ትቶ ታክሲ መንዳት ሲጀምር ድርጅቱ ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሠራተኛ አድርጎ ስለያዘው እንደገና የሚቆርጥበት ጠፋ። በሁለቱም ጊዜ ሚያዝያ 7 አካባቢ፣ በእነሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 15፣ ሒሳቡ አንድ ላይ መጣበት። «ያልተቆረጠው እኮ ያልተከፈለው ነው እንጂ የቀረልኝ አልነበረም» ብሎ በስልክ ነገረኝ። እዚህም አገር ኤምባሲ የተቀጠረ ኢትዮጵያዊ ኤምባሲው ስለማይቆርጥበት ራሱ ከደመወዙ ላይ ቀንሶ በየወሩ መክፈል አለበት።

ከዚህ የሚቀርብም አለ፤ የኛ የኡስታዞች ጉዳይ ነው። ጠዋት በአንድ ትምህርት ቤት 1,900 ብር፣ ማታ በመድረሳ ሌላ 1,900 ብር የሚከፈለው ሰው በሁለቱም ቦታ ከእርከኗ በታች ስለሆነ አይቆረጥበትም። ሕጉ ግን የአንድን ሰው የወር ገቢ ደምሮ ነው የሚያየው። 3,800 ሲሆን 270 ብር ግብር አለበት። ሁለቱ ቀጣሪዎች አይተዋወቁም፤ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። «መድረሳው የሃይማኖት ተቋም ስለሆነ ነፃ ነው» የሚሉም አጋጥመውኛል። ተቋሙ የሚቀበለው ሰደቃ ሌላ ነገር ነው፤ በደብዳቤ ቀጥሮ በወር ለሚከፍለው ሰው ግን መስጊድም ቢሆን ቀጣሪ ነው።

አሁን ወደዚያ ወረቀት ልመልሳችሁ።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ሐጅ ያደረጉ፣ እጀ ሰፊ ሰው ናቸው። ለረመዳን ለእያንዳንዱ መምህር ዘይትና ቴምር የሚሰጡ ናቸው። ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ፍንጃሌን እንደያዝኩ፣

«ሐጂ፣ የኔ ደመወዝ ስንት ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ስንት ነው የምትቀበል?»

«የምቀበለው 2,800 ነው። የፈረምኩት ግን 600 ደመወዝ ተብሎ ነው።»

ዝም አሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ኡስታዝ፣ ለናንተው ብዬ እኮ ነው። ያ ብር ለልጆቻችሁ ዳቦ ይሁን ብዬ ነው። ደግሞስ ግብር መክስ አይደለም ወይ? አንተ የቀራህ ሰው ነህ» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ መክስ በዑለማእ ዘንድ ረጅም ንግግር አለ፤ የኔ ዕውቀት እዚያ አይደርስም። አያቴ ሸማኔና ነጋዴ ነበር፤ በጎንደር አገር ሙስሊም ርስት የሚይዝበት ዘመን አልነበረምና ኑሮው በድርና በገበያ ነበር። ከባሕር ወደብ ወደ ጎንደር በሚወጣው የሊማሊሞ መንገድ ነጋዴ በየኬላው ጨውና ብር እየከፈለ እንደሚያልፍ ከአባቶቹ የሰማውን ያወራን ነበር። ሸኻችን ስለ መክስ ሲያስቀሩን በዓይነ ልቦናዬ የሚመጣው ያ ኬላ ነው፤ በትር የያዘ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ። ገበሬውም ግብርን የሚያውቀው በዓይኑ ነው፤ በ1960 የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ያመፀው ገማቹ መጥቶ አዝመራውን ሲያይበት ነው። የደመወዝ ግብር ግን ማንም ሳያየው ወረቀት ላይ ያልፋል። ግብር የከፈለ ሰው ከዘካ አይድንም፤ ዘካ ያወጣም ከግብር አይድንም፤ ሁለቱ አይተካኩም። ይህን ያህል አውቃለሁ። ከዚህ ያለፈውን ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ።

ለሐጂ ግን ስለ መክስ አልመለስኩላቸውም። የቁርኣን ረጅሟ አያ፣ በሱረቱል በቀራ ውስጥ ያለችው፣ ስለ ዕዳ አጻጻፍ የወረደች ናት፤ ይህን ሐጂም ያውቃሉ፤ በልጅነታቸው ሐፍዘዋታል። «ሐጂ፣ ግብሩ ሐላል ነው ሐራም ነው የሚለውን ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን። ይህ ወረቀት ግን ውሸት ነው፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። አሥር ደቂቃ በእግሬ መጥቼ የ1,200 ብር ትራንስፖርት ተቀብያለሁ ብዬ መስክሬአለሁ» አልኳቸው።

ይህን ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጀግንነት አልነበረም፤ ያ ሥራ ያመለጠኝ ቁጭትም አብሮ ነበረበት።

ከዚያ ቁጭ ብለን አሰላነው። የትራንስፖርት አበል ከግብር ነፃ የሚሆነው በመመሪያ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ነው፤ ከደመወዙ እጥፍ የሆነ አበል በየትኛውም መመሪያ አይገኝም። በጊዜው በነበረው ሠንጠረዥ ከ2,800 ብር ላይ መቆረጥ የነበረበት 277 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ በዓመት 3,330 ብር። ይህ እኔ «የተረፈልኝ» ነው። አሁን ደግሞ ጡረታውን ተመልከቱ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ያዋጣል። ሐጂ የኔንም ድርሻ ጨምረው ከኪሳቸው በ600 ብር ሒሳብ 108 ብር ያስገቡ ነበር። በ2,800 ቢሆን 504 ብር በገባ። የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። በዚያው መዝገብ እያለሁ ዕድሜዬ ቢደርስ ወይም ዐይኔ ቢጠፋ መንግሥት የሚያውቀኝ በወር 600 ብር የሚያገኝ ሰው አድርጎ ነው። ልጆቼም ከኔ በኋላ የሚተርፋቸው በዚያው ልክ ነው። ሐጂ ከኔ ላይ በየወሩ 200 ብር ይተርፋቸው እንደነበር ያን ቀን ነው የተረዳሁት። እሳቸውም የተረዱት ያን ቀን ይመስለኛል፤ ሒሳቡን የሚሠራላቸው ሌላ ሰው ነበርና። ወይም እንዲህ ብሎ ማሰብ ይሻለኛል።

ይህን ያየ ወንድማችን፣ ገቢዎች የሚሠራው፣ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ቀጣሪው መቁረጥ ሲገባው ካልቆረጠ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀጣሪው ነው፤ ከኪሱም ይከፍላል፤ ከሠራተኛው ማስመለስ ግን ይችላል። የባሰው የሚቆርጥና የማያስገባ ነው አለኝ። ወሩ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ሰብሳቢው መድረስ ያለበትን ገንዘብ ሠራተኛው ተቆርጧል ብሎ አምኖ ይቀመጣል፤ ገንዘቡ ግን ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሆኖ ይሽከረከራል። ያ አማናን መብላት ነው። በዚህ ሚዛን የሐጂ ይሻላል፤ ቢያንስ አልቆረጡም።

ከመስከረም 2013 ጀምሮ የሁላችንም ደመወዝ በሙሉ ስሙ ተጻፈ። የታጠፈው ወረቀት ተነሣ። የመጀመሪያው ወር በእጄ የገባው 2,326 ብር ከ50 ነው። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።

«አራት መቶ ሰባ ሦስት ብር ከሃምሳ የት ሄደች?» አለችኝ። ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ዘይቱን ማን ይነግረዋል ታዲያ?» አለች። ሌላ አልተናገረችም፤ ግን ያን ሰሞን ወጡ ቀጥኖ ነበር።

ይህን ያህል እኔ ልቻል። የከበደኝ ሌላ ነው። ሴቶቹን ቁርኣን የምታስቀራ፣ ሦስት የቲሞች የምታሳድግ አንዲት እህት አብራን ትሠራ ነበር። 2,200 ብር ነበር የምትቀበለው፤ 341 ብር ከ50 ተቀነሰባት። እሷ ወረቀቱ ይስተካከል ብላ አልጠየቀችም። ማንም አላማከራትም፤ እኔም አላማከርኳትም። የዚያን ቀን በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ኡስታዝ፣ እርስዎ ለአኼራዎ ብለው የኔን ዱንያ ቆረጡብኝ» አለችኝ።

ጡረታውን ልነግራት ጀመርኩ፤ ለየቲሞቹ እንደሚተርፍ። «እነሱ የሚበሉት ዛሬ ነው» ብላኝ ሄደች። ሁለት መምህራንም ከዚያ በኋላ ሰላምታ ብቻ ሆነ የሚሰጡኝ። ሐቅ ሠርቻለሁ ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ሐቁን ስሠራ ከኔ የደከመ ሰው ዋጋውን ከፈለ። ከእሷ ቀድሜ መሄድ የነበረብኝ ወደ እሷ ነበር። ሐጂ ዘንድ ደመወዛችንን ጥቂት ጨምረው ቁርጡን እንዲያለዝቡት በአንድነት መጠየቅ እንችል ነበር። አልታሰበኝም። ቆይተው ሐጂ ጨመሩ፤ ለእሷ ግን የዘገየ ነበር።

እናንተስ? የደመወዝ ወረቀታችሁን አይታችሁታል? ሙሉ ደመወዝ የሚለው ዓምድ ከሐቀኛው ደመወዛችሁ ጋር አንድ መሆኑን፣ የሥራ ግብር የሚለው ባዶ ከሆነ ባዶ የሆነበትን ምክንያት፣ ጡረታ የሚለው ከየትኛው ቁጥር ላይ እንደተሰላ ጠይቁ። ቀጣሪ የሆናችሁም አላችሁ፤ ከማንበባችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ከእርከኗ በታች ሆናችሁ ባዶ ከሆነ በሰላም እደሩ። የሚጠይቅ ሰው ግን እንደኔ ብቻውን አይሂድ።

ያቺ እህት ዛሬም እዚያው ታስተምራለች። በ2017 ደመወዟ 3,500 ብር ደርሶ ነበር። በነሐሴ፣ አዲሱ ሠንጠረዥ ከወጣ በኋላ፣ መግሪብ ልንሰግድ ስንል ልጇን ልካ አስጠራችኝ። የደመወዝ ወረቀቷን ይዛለች፤ አሁን ለሁላችንም አንድ አንድ ይሰጠናል። «ይቺን ይዩልኝ፤ የተሳሳቱ መሰለኝ» አለችኝ። አየሁት። በድሮው 397 ብር ከ50 ይቆረጥባት የነበረው 225 ብር ሆኗል። አልተሳሳቱም። 172 ብር ከ50 ተመልሶላታል።

«ታዲያ ይቺስ የማን ናት ኡስታዝ?» አለች፤ ፊቷ ላይ ከአምስት ዓመት በፊት የነበረው ቁጣ ነው ወይስ ሳቅ፣ በመሸ ብርሃን አልለየሁትም።

«የእርስዎ ናት» አልኳት።

ወረቀቱን አጥፋ ሻርፗ ውስጥ ከተተችውና «እንግዲያስ አዛን እያለ ነው፤ ይሂዱ» አለችኝ።